“በእኔ ይሁን” ያልኩበት የጎማ ጣሪያ

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። ይህን ያለው ሰው አፋር አገር አልኖረም፤ ቢኖር ኖሮ ስለ ስንቁ ብቻ አውርቶ ዝም ይል ነበር። የእኔ ውሸት አምስት ዓመት አልፏታል፣ ቀለለችኝ የምል ከሆነ ምላሴን ይቁረጠው። እንግዲህ እንዳለ ላውራላችሁና እናንተው ፍረዱኝ። ምሕረት ፈልጌ አይደለም። ምሕረት የሚያደርገው ሰው ሌላ ነው፣ እሱም አላደረገም፣ አይፈረድበትም።

ሰይድ እባላለሁ፤ የባቲ ልጅ ነኝ። ያኔ አዋሽ ሰባት፣ ከጅቡቲው መንገድ ዳር ጎሚስታ ነበርኩ። ጎማ እፈታለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እነፋለሁ። ሥራዬን እችል ነበር፤ ይህን ስል ጉራ አይደለም፣ ጉራው ወደ ኋላ ይመጣል። ሹፌሮቹ “ሰይድ የለጠፈው ጎማ አልቆ ልጣፉ ይተርፋል” እያሉ ያሞካሹኛል፤ እኔ ደግሞ እነሱ አንዴ ያሉትን በየሻይ ቤቱ አሥር ጊዜ እደግመዋለሁ። በዚያ መንገድ ላይ ጎማ የሚባል ነገር ሁሉ እኔን ሳያስፈቅድ የሚነፋ አይመስለኝም ነበር። እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ “ይቺ አፍህ አንድ ቀን ታስከፍልሃለች” ትለኝ ነበር። ተሳስታለች። ያስከፈለችው ሌላ ሰው ነው።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ማክሰኞ፣ ነጭ ጋውን የደረበች ልጅ እግር ሴት ሱቄ ድረስ መጣች። ሲስተር ትዕግሥት ትባላለች። ስሙን የማልጠራው አንድ ፕሮጀክት ነርስ ነበረች፤ ከአርብቶ አደሮቹ ኋላ እየዞረች እናቶችን ታዋልዳለች፣ ሕፃናት ትከትባለች።

“ጎማ የሚያውቅ ሰው ፈልጌ ሁሉም አንተን ጠሩልኝ” አለችኝ።

“አልዋሹሽም” አልኳት። እዩት እንግዲህ፣ ሰላምታ እንኳን አላስቀደምኩም።

ይዛኝ ሄደች። ግቢያቸው ውስጥ አንድ ነጭ ተጎታች ቤት ቆሟል፤ ከፒክአፕ ኋላ ታስሮ የሚሄድ፣ በርና መስኮት ያለው። ፈረንጆች ለሽርሽር የሚያድሩበት ዓይነት ነው፤ እነዚህ ግን የመኝታውን ነገር አስወጥተው የማዋለጃ አልጋ፣ የክትባት ፍሪጅና የመድኃኒት ቁምሳጥን አስገብተውበታል። ጣሪያው ቆርቆሮ አይደለም። በጣውላ ላይ የተለጠፈ ስስ ጎማ ነው። በየጥቂት ዓመቱ መታጠብ፣ ስፌቱ መደፈንና በነጭ የጎማ ቀለም መቀባት አለበት፤ ካልሆነ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል። ተሰንጥቋልም። በአየር ማስወጫው ዙሪያ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበር። ቀለሙ ከአዲስ አበባ በሁለት ትልልቅ ጣሳ መጥቷል፣ ድሮ የሚቀባው ባለሙያ ግን ሥራውን ለቋል።

“ሐሙስ ንጋት ወደ ሰመራ መነሳት አለብን። ዝናቡ ሳይጀምር በረሃው ውስጥ መግባት አለብን። ይደርሳል?”

ታማኝ ሰው “አይቼው ልንገርሽ” ይላል። እኔ ግን ወጥቼ በእጄ ዳበስ አደረግኩና “ነገ ማታ ጨርሼ አስረክብሻለሁ፣ ጎማ ጎማ ነው” አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ስደርስ የተጎታችዋ ዘበኛ በሩን ከፈተልኝ። ሁመድ ይባላል። ቀጭን፣ ረጅም አፋር፤ መፋቂያ ከአፉ አይጠፋም፣ ቁልፎቹን በገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። አማርኛው አንቱ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ሚኒስትር ቢመጣም አንተ ነው የሚለው። መሰላሉን እየያዘልኝ ሳልጠይቀው ስለ ልጁ ነገረኝ። ፋጡማ ትባላለች፤ ሰመራ ዘመድ ቤት ተቀምጣ አሥረኛ ክፍል ትማራለች። ፍየሎቹን ድርቅ ፈጅቶበታል፤ ልጁን የሚያስተምርባት ይቺ የዘበኝነት ሥራ ብቻ ናት።

“አንድ ቀን እዚህ ውስጥ ትሠራለች” አለና የተጎታችዋን ጎን እንደ ግመል ጎን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። “እንደ ሲስተር። ሥራው ካለ ትምህርት አለ። ሥራው ከሌለ ትምህርት የለም።”

“ኢንሻአላህ” ብዬው ወጣሁ።

አሁን የእኛን የጎሚስታዎችን ልማድ ማወቅ አለባችሁ። የውስጥ ጎማ ስንለጥፍ የተቀደደውን ቦታ በሞረድ እንፍቃለን፣ በቤንዚን እንወለውላለን፣ ማስቲሽ እንቀባለን፣ ከአሮጌ ጎማ ቆርጠን እንለጥፋለን። ቤንዚን ያልነካው ልጣፍ አይዝም። ከጌታዬ የተማርኩት ይህንን ነው፤ ጌታዬም ከጌታው። ውሃ ደግሞ የጎሚስታ ጠላት ነው፣ እስኪደርቅ ቀን ይበላል። እኔ ደግሞ “ነገ ማታ” ብያለሁ። ስለዚህ የቤንዚን ጠርሙሴን ከፍቼ ጨርቅ አርሼ ጣሪያውን መወልወል ጀመርኩ።

የሁመድ ጭንቅላት በመሰላሉ ጫፍ ብቅ አለ።

“ሰይድ፣ ምንድነው እሱ?”

“ቤንዚን ነዋ! ጎማ በምን ይጠረጋል?”

“በሳሙናና በውሃ። የድሮው ሰውዬ ሁለቴ ሲሠራ አይቻለሁ። ያጥባል፣ አንድ ቀን ይተወዋል፣ ይደርቃል፣ ይቀባል። እንደገና ቀን ይተወዋል። ቤንዚን ‘አይወድም’ ብሏል።”

“ሁመድ፣ አንተ በሩን ጠብቅ፣ ጎማውን ለእኔ ተወው።”

ወረደ። ተመልሶ ሲወጣ አንዱን የቀለም ጣሳ በትከሻው ይዞ ነው። አዙሮ አሳየኝ፤ ጽሑፉ ሥር ትንሽ ሥዕል አለ። የነዳጅ ጄሪካን ተሥሎ ቀይ መስመር አቋርጦታል።

“እኔ ማንበብ አልችልም” አለኝ። “ይህ ግን ማንበብ አይፈልግም።”

አየሁት። ልብ በሉልኝ፣ በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ግን አንድ ዘበኛ ሙያ ሊያስተምረኝ? ታች ደግሞ ሹፌሩ ጋሽ ደምሴ የፒክአፑን ዘይት እያየ አንጋጦ ይሰማናል።

“አቦ ይሄ ‘ቀለሙን በቤንዚን አታቅጥን’ ማለት ነው!” አልኩት፣ ጋሽ ደምሴ እንዲሰማ ጮክ ብዬ። “ፍየል ስታክም በሣሙና እጠባት፣ እሺ?” ጋሽ ደምሴ ሳቀ። ሁመድ አልሳቀም፤ ጣሳውን አስቀምጦ ወረደ።

ገና ግማሹን ሳልጠርግ ጠርሙሴ አለቀ። አዋሽ ላይ ያን ሰሞን ቤንዚን በማደያ አይገኝም ነበር። የጄነሬተራቸው ጄሪካን ግን ዕቃ ቤት እንዳለ አውቃለሁ፣ ቁልፉም ሁመድ አንገት ላይ ነው። ወርጄ ጠየቅኩት።

“ያለ ፊርማ አይወጣም” አለኝ። “ሲስተር ማታ ትመጣለች።”

“ማታማ ጨርሼ ቤቴ ነኝ። ስጠኝ፣ ለሲስተር እኔው እነግራታለሁ።”

“ጣሪያው ቢበላሽስ?”

“ቢበላሽ በእኔ ይሁን! የሚመጣው ሁሉ በእኔ!”

ትክ ብሎ አየኝ። “በአንተ?”

“በእኔ።”

“ቃል ነው?”

“ወላሂ ቃል ነው።”

እጁን ዘረጋ፣ ጨበጥኩት። ገመዱን ካንገቱ አወጣ፣ ዕቃ ቤቱን ከፈተ፣ ጄሪካኑን አምጥቶ እግሬ ሥር አስቀመጠው። ቃል ከሰጠሁት በኋላ እሱ ዘንድ ነገሩ አልቋል፤ እኔ ዘንድ ግን ቃሉ ቤንዚን ማስወጫ ነበር።

ጠረግኩ፣ ፋቅኩ፣ ክፍተቱን ከከባድ መኪና የውስጥ ጎማ በቆረጥኩት ልጣፍ ደፈንኩ፣ ቀለሙን በሮለር ደራርቤ ቀባሁ። የአዋሽ ፀሐይ ጀርባዬን ጠበሰኝ። አሥር ሰዓት ላይ ቁጭ ብዬ ሥራዬን ሳይ ዓይን የሚወጋ ንጣት ነበር። ከዚያ ከጥግ በኩል አንድ ነገር አየሁ። ጎማው ዘይት እንደበዛበት ቂጣ አበጥ አበጥ ብሏል። በመዳፌ ስጫነው ልስልስ ብሎ ወረደ፣ እጄን ሳነሳ ተመልሶ ተነፋ። ሌላም ቦታ አለ። ሌላም።

ሁመድ እንደገና መሰላሉ ላይ ነበር። እጁን ዘርግቶ እብጠቱን በጣቱ ነካው።

“ቆዳው ታሟል” አለኝ። “ሰይድ፣ ለሲስተር ንገራት። ዛሬ ንገራት።”

“ሲደርቅ ይረጋል። ሙቀት ነው።”

ሙቀት አልነበረም። ቤንዚን የጠጣ ጎማ ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ቤንዚን ውስጥ ወድቆ ያደረ ልጣፍ አብጦ ሲገኝ ስንት ጊዜ ጥዬአለሁ። የውስጥ ጎማ ላይ ጠብታ ነው የምናስነካው፣ ወዲያው ይተናል። እኔ ግን ያንን ስስ ጣሪያ አጠጥቼዋለሁ፣ በላዩም በቀለም አፍኜዋለሁ። ማታ ሲስተር መጣች፣ ከታች አንጋጣ አየችና “በጣም አመሰግናለሁ፣ አዲስ አስመሰልከው” አለችኝ። ሁመድ ከበሩ ሥር ያየኛል። እኔ “ምንም አይደል ሲስተር” አልኩ።

የተጎታችዋ ጎማዎች ያረጁ ስለነበሩ ጋሽ ደምሴ እስከ ሰመራ አብሬ እንድሄድ ለመነኝ። እሺ ያልኩት ለጎማዎቹ አልነበረም፤ ጣሪያውን ዓይኔ ሥር ለማድረግ ነበር። ሐሙስ ንጋት ተነሳን። ሲስተር ከፊት ተቀመጠች፣ እኔና ሁመድ ከኋላ። መንገዱ ሁሉ ጉልበቱ ጉልበቴን እየነካኝ ነው የሄድነው።

ገዋኔ ለቁርስ ቆምን። ሌሎቹ ሲገቡ እኔ በተጎታችዋ መሰላል ወጣሁ። የፊተኛው ጫፍ ከጣውላው ለቋል፤ ነፋሱ እየገባበት አንድ ክንድ ያህል ተነስቷል። ቀለሙ በጥፍሬ ስነካው እንደ እባብ ቆዳ ተገፈፈ። ገመድ አምጥቼ በላዩ አጣጥፌ አሰርኩት። ስወርድ ሁመድን አጣሁት።

ከመንገዱ ማዶ ነበር። አንድ በግመል የመጣ ሽማግሌ አግኝቶ ሁለቱም መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው እየሰማ በጉሮሮው ‘እም፣ እም’ ይላል። ይህ ዳጉ ነው። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ እጅ ነስቶ ብቻ አያልፍም፤ ይቀመጣል፣ ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ሰማሁ ብሎ ለይቶ ይነግራል። ዝናብ የት ጣለ፣ ሣሩ የት ነው፣ ማን ታመመ፣ የቱ መንገድ ያሰጋል። መንጋ የሚነዳው በዚያ ነው። ጋሽ ደምሴ ጥሩምባውን ቢያንባርቀውም ሁመድ እስኪጨርስ አልተነሳም።

“ከሚሌ ወዲያ ዝናብ አለ” አለኝ ሲመለስ። “ትናንት ጥሏል፣ ዛሬም ይጥላል።”

ጋሽ ደምሴ ወደ ሰማዩ አሳየው። ደመና የሚባል የለም። “ሽማግሌው ራዲዮ አለው እንዴ?” ብሎ ሳቀ።

“ዳጉ ነው። ዳጉ አይዋሽም” አለ ሁመድ።

“የዋሸ ሰውስ ምን ይደረጋል?” አልኩት፣ ለጨዋታ ያህል። ለምን እንደጠየቅኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

“ምንም አይደረግም። ሰላም ይሉታል፣ ውሃ ይሰጡታል። ወሬ ግን ማንም አይጠይቀውም።” ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። “ዝናቡ ከፊታችን ነው። አሁን ንገራት። ሸራ ገዝተን እናለብሳለን። ገዋኔ ሸራ አለ።”

ሸራ ነበር። ከቆምንበት ሱቅ ፊት ለፊት ተጠቅልሎ ቆሟል፣ ሰማያዊ። ሲስተር ሻይዋን እየጠጣች ከጋሽ ደምሴ ጋር ትስቃለች። “ሲስተር፣ ተሳስቻለሁ” ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሁለት ቃል። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩና “ሲስተር፣ ጎማዎቹ ደህና ናቸው” አልኳት።

ከሚሌ እንዳለፍን አቧራው መጣ። መጀመሪያ ፀሐዩ ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ ጠፋ፣ ከዚያ ፒክአፑ መወዛወዝ ጀመረ። ከኋላችን ‘ጧ!’ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ገመዱ ተበጥሷል። ቀጥሎ ጎማው ጣሪያው ላይ እየተነሳ ሲጋረፍ ተሰማን። ጋሽ ደምሴ “ምንድነው?” ሲል ዝናቡ ወረደ። የአፋርን ዝናብ ያየ ያውቀዋል፣ ዓመት ቆጥቦ በአንድ ሰዓት ነው የሚያወጣው። መቆምም አልቻልንም፣ መንገዱ ዳር ጎርፍ ይዞታል። ሲስተር ወደ ኋላ ዞራ “ሰይድ፣ ጣሪያው ነው?” አለችኝ። “ነፋስ ነው” አልኳት። ሁመድ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ እያደረገ ይመስለኛል።

ሎጊያን አልፈን ሰመራ ግቢያቸው ስንደርስ ዝናቡ አባርቷል። በሩን የከፈተው ሁመድ ነው። ውሃው ከደረጃው ላይ በጫማው ላይ ፈሰሰ። ኮርኒሱ ሆዱ ወርዶ ተቀዷል። የማዋለጃው አልጋ ፍራሽ ውሃ ጠጥቶ አብጧል፣ የመድኃኒቱ ካርቶኖች ገንፎ ሆነዋል፣ ፍሪጁ ውስጡ ድረስ ርሶ ጠፍቷል። ሲስተር ገብታ አንድ የክትባት ሳጥን አነሳች፣ ከእጇ ላይ ተበታተነ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። “ሰኞ ሃያ እናቶች ይጠብቁኛል” እያለች ነበር የምታለቅሰው። ከተቀደደው ጣሪያ የሚወርደው ውሃ ሳይቀር ቤንዚን ቤንዚን ይሸት ነበር።

በማግስቱ አርብ ጠዋት የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ሁላችንንም ቢሮው ጠራን። አዲስ አበቤ ነው፤ የሚጮህ ሰው አይደለም፣ ግን ፊቱ ጠቁሯል። የግቢው አፋር ሠራተኞችም በረንዳው ላይ ቆመዋል።

“ይህ ጣሪያ ቤንዚን ተደፍቶበታል። ከአዋሹ ዕቃ ቤት ደግሞ አንድ ጄሪካን ያለ ፊርማ ወጥቷል። ቁልፉ የማን ነው?”

“የእኔ” አለ ሁመድ። “ቤንዚን ሰይድ ጠየቀ፣ እኔ ሰጠሁ። ጣሪያውን ጠረገበት። አይሆንም አልኩት።”

አስተባባሪው ወደ እኔ ዞረ። “እውነት ነው?”

እናንተዬ፣ ያቺን ቅጽበት ስንት ሌሊት መልሼ ኖርኳት! ሁሉም ያየኛል። ከታች ሆኖ ሁሉንም የሰማው ጋሽ ደምሴም ያየኛል፤ መሬት መሬት ማየት የጀመረው ከዋሸሁ በኋላ ነው። ስሜ ከአዋሽ እስከ ጅቡቲ ሲወርድ ታየኝ። “ሰይድ ጎማ አቀለጠ” ሲባል፣ ሹፌሮቹ ሲስቁ ሰማሁ። እውነቱን ብናገር ከዚያ የሚብስ አይመጣብኝም ነበር እኮ። ደሞዝተኛቸው አይደለሁ፣ አያባርሩኝ። መሳቂያ መሆን ብቻ ነበር የፈራሁት።

“እኔ ቤንዚን? ሃያ ዓመት ጎማ ስሠራ ኖሬ ቤንዚን ጣሪያ ላይ ላፈስ?” አልኩ። “ጄሪካን ካወጣ እሱ ያውቃል። ምናልባት ጣሪያው ላይ ጭኖት ፈስሶ ይሆናል።”

ሁመድ አልጮኸም፣ አልተሳደበም። መጣና ፊት ለፊቴ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። እኔ ወንበር ላይ ነኝ፣ እሱ መሬት።

“ሰይድ” አለኝ። “ከአዋሽ መጣህ። አዋሽ ምን አየህ? ምን ሰማህ?”

ዳጉ እየጠየቀኝ ነበር። በረንዳው ላይ ያሉት ሁሉ ጠጋ አሉ። ሁለተኛ ዕድል እየሰጠኝ ነበር፤ ያኔም ገብቶኛል። ቃሌን የምመልስበትን በር እሱ ራሱ ከፈተልኝ።

“ምንም አላየሁም” አልኩት። “ምንም አልሰማሁም።”

“ሰማሁ” አለ።

ተነሳ፣ ቁልፎቹን ካንገቱ አውጥቶ አስተባባሪው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ፣ ማንም ሳያባርረው ወጣ። ሲስተር ትዕግሥት “ሁመድ!” ብላ ብትጣራ አልዞረም። አስተባባሪው “ይኸው፣ ራሱን ገለጠ” አለ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ።

በዚያው ቀን በጭነት መኪና ወደ አዋሽ ተመለስኩ። ሱቄን ስከፍት አንድ የማውቀው አፋር፣ ሁልጊዜ ከመንገድ ስመለስ አጠገቤ ተቀምጦ ወሬ የሚጠይቀኝ ፍየል ነጋዴ፣ በበሩ ሲያልፍ “ሰላም ነው ሰይድ?” አለኝ። “ሰላም ነው” አልኩት። አለፈ። በማግስቱ ሌላው እንዲሁ። ጎማ ያሠሩኛል፣ ሻይ ይጋብዙኛል፣ ክፉ ቃል አይወጣቸውም። ከሰመራ አዋሽ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? እኔ በመኪና ሄጄ ዳጉው ቀድሞኛል።

ከሁለት ዓመት በኋላ እውነቱን ለመናገር ሲስተር ትዕግሥትን በስልክ ፈልጌ አገኘኋት። ሌላ ክልል ተዛውራለች፣ ፕሮጀክቱም ተዘግቷል። ሁሉንም ነገርኳት። “ለእሱ ነው የነገርከኝ ወይስ ለራስህ?” አለችኝ። “እኔ አሁን ምን ላድርግልህ?” ብላ ዘጋችው። ሁመድን ፈልጌ ሁለት ጊዜ ወርጃለሁ፤ ወደ በረሃው ገብቷል ይሉኛል። የት? “አናውቅም” ይሉኛል። የአፋር ሰው የአፋርን ሰው አድራሻ ሲያጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የምታነቡኝ ሁሉ፣ ባለሙያዎች ብትሆኑ ሥዕሉን እዩ፣ ዘበኛውን ስሙ፣ ይህን ማንም ይመክራችኋል። እኔ የምላችሁ ሌላ ነው። ጣሪያ አበላሸሁ፤ ጣሪያ ይሠራል። ያልተሠራልኝ ያቺ ‘በእኔ ይሁን’ ናት። ሁላችንም በቀን ስንት ጊዜ እንላታለን፣ ቁልፍ ለማስከፈት፣ ሰው ዝም ለማሰኘት። አንዳንዱ ሰው ግን እውነት ይመስለዋል፣ የልጁን ትምህርት ያስይዝባታል።

ባለፈው ክረምት ለዕቃ ወደ ሎጊያ ወርጄ አንድ ሻይ ቤት ገባሁ። ሻይ ያመጣችልኝ ልጅ ረጅም፣ ቀጭን ናት። አቋሟን ሳይ ሁመድ ትዝ አለኝ።

“ማን ትባያለሽ?”

“ፋጡማ።”

“የሁመድ ልጅ?”

“አዎ።”

“እኔ…”

“አውቃለሁ” አለችኝ። “ጎሚስታው።”

“ትምህርትሽስ?”

“በዚያው ዓመት ተውኩት።” ስኳሩን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። ፊቷ ላይ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ፤ ቢገኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ይህን ጊዜ አንድ አፋር ሹፌር ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ፣ በአክብሮት ሰላም አለኝ። ወደ አዋሽ የሚሄድ ነበር፣ መኪናው ላይ ቤተሰብ ጭኗል። ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ከአዋሽ አልኩት፤ ደግሞም በዕለቱ የሚነገር እውነተኛ ወሬ ነበረኝ። ጎርፉ ከገዋኔ ወዲህ ያለችውን ድልድይ ዳር ሲበላው በዓይኔ አይቼ፣ የመጨረሻዋ መኪና ሆነን ነው ያለፍነው።

“አትሂድ” አልኩት። “ከገዋኔ ወዲህ መንገዱ ተቆርጧል። አየሁት፣ በዓይኔ አየሁት!”

ሰውዬው ወደ ፋጡማ ተመለከተ። በአፋርኛ አንድ አጭር ነገር አለችው። ራሱን ነቀነቀ፣ ለእኔ በትሕትና እጁን ደረቱ ላይ አደረገና ወጣ። በመስኮቱ አየሁት፤ ገና ከመኪናው ወደሚወርድ ሌላ ሹፌር ሄዶ ቁጢጥ አለ፣ “ከወዴት መጣህ? ምን አየህ? ምን ሰማህ?” ብሎ ይጠይቅ ጀመር።

ፋጡማ ጠረጴዛዬን እየወለወለች ነበር።

“ሻይዎ ቀዝቅዟል” አለችኝ። “ልቀይርልዎ?”